ካፒቴኑ ለሚሚ ክፍል ሲመርጡ

በየቤተሰቡ አንድ አማካሪ አለ። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይሽረውም። ፍሪጅ ልትገዙ ስታስቡ፣ ጥርስ ልታስነቅሉ ስትነሱ፣ ግድግዳ ቀለም ልታስቀቡ ስትሉ ከየት መጣ ሳይባል ከጎናችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ። እሱ ያላየው፣ እሱ ያልሞከረው፣ እሱ ያልተሸወደበት ነገር የለም። ብትሰሙት ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ ባትሰሙት ደግሞ ነገ ጠዋት ከሀ ብሎ ይጀምርላችኋል።

የፋርማሲስቷ ቤት አማካሪ አባቷ ናቸው፤ ክቡር ካፒቴን። እውነቱን ለመናገር መርከብ አንድም ቀን ነድተው አያውቁም። ሃያ ስድስት ዓመት በመንገደኞች መርከብ ላይ አልጋ ሲያነጥፉ፣ መታጠቢያ ቤት ሲፈትጉ፣ ፎጣ ሲያጥፉ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ማዕረጉን ለቀልድ የሰጣቸው አማቻቸው፣ የሒሳብ አስተማሪው ነው፤ እሳቸው ግን ምንም ሳያንገራግሩ ተቀበሉት። ዛሬ የሰፈሩ ባለሱቅ ሳይቀር "ካፒቴን፣ እንዴት አደሩ?" ነው የሚላቸው። ወሬ የሚጀምሩት ደግሞ ሁልጊዜ "እኔን ጠይቁኝ" ብለው ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ባልና ሚስቱ የሦስት ዓመቷን ሚሚን ይዘው ለአንድ ሳምንት በመርከብ ሊንሸራሸሩ ተነሱ። የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ለቤተሰብ የሚሆኑ ሦስት ክፍሎች ብቻ እንደቀሩና እስከ ሐሙስ አንዱን መርጠው ካላሳወቁ እነሱም እንደሚያዙ ነገራቸው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። ጥፋታቸው ወሬውን ካፒቴኑ ባሉበት ማንሳታቸው ነው።

በማግስቱ ካፒቴኑ የመርከቡን ሆድ ዕቃ በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ ስለው ከተፍ አሉ። ከምግብ አዳራሹ ሥር የሆነ ክፍል ሁሉ አይሆንም፤ ገና ጎህ ሳይቀድ ከላይ ወንበር ይጎተታል። ድምፁ ምን እንደሚመስል ይግባቸው ብለው የቤቱን ወንበሮች አንድ በአንድ ሲጎትቱ፣ ታች ፎቅ ያሉት ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብለው መጡ። እሳቸውንም አስቀምጠው አስረዷቸው። በረንዳ ያለው ማንኛውም ክፍል ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ለማስረጃ መስኮቱ ሥር ወንበር አስቀምጠው ሚሚ በስንት ሰከንድ እንደምትወጣበት ቆጠሩ። በአራት ሰከንድ ወጣች። አማቻቸው ሚሚን ከወንበሩ ላይ እያወረደ፣ ገብቶናል አባባ፣ በቃ ገብቶናል ይላል፤ ማን ሰምቶት።

ረቡዕ ዕለት ይባስ ብለው ፋርማሲው ድረስ መጡ። ልጃቸው መድኃኒት ስትቆጥር እሳቸው ከተሰለፈው ሰው ጋር ወግ ያዙ። ሳል ይዞት የመጣ አንድ ሰውዬ፣ ልጅ ያለው መንገደኛ መርከቡ መሀል ወገብ ላይ ዝቅ ብሎ ያለ፣ ከሊፍት ራቅ ያለ ክፍል መያዝ እንዳለበት በደንብ ተምሮ፣ ሽሮፑን ግን ባንኮኒው ላይ ረስቶ ሄደ።

አማቻቸው ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። ፋርማሲስቷ አልሳቀችም። እሷ ስለዚያ መርከብ መስማት ያንገሸግሻታል። ሚሚን ስታክል አባቷ መርከብ ላይ ነበሩ። ኩፍኝ ሲይዛት መርከብ ላይ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ስትገባም መርከብ ላይ። በዓመት አንድ ወር ይመጡና ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ይመለሱ ነበር፤ ለእሷ እንዲያ ነው የሚመስላት። ያሳደገቻት እናቷ ናት። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ ካፒቴኑ ከቤቷ ጠፍተው አያውቁም። ሲያወሩ ይውላሉ። እሷ የምትጠብቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብያቸው ነበር ወይ የሚለውን ከአፋቸው መስማት። እሳቸው ደግሞ ያለፈውን ስታነሳባቸው ስለ ሊፍት ነው የሚያወሩት። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሳይነግሩኝ ይሞታሉ ብላ ትፈራለች፤ ፈርታም ትናደድባቸዋለች።

ሐሙስ ብቻዋን ሹልክ ልትል ነበር። ካፒቴኑ ኮታቸውን ተኩሰው በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

የወኪሉ ቢሮ ጠባብ ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የደከመው ቬንትሌተር። ጸሐፊዋ የመርከቡን ፕላን ዘረጋች። ፋርማሲስቷ ወንበር ስባ ሳትጨርስ ካፒቴኑ አንዱን ክፍል ሰረዙት፤ ከሊፍቱ አጠገብ ነው። የቀሩት ሁለት ናቸው። ጸሐፊዋ በትሕትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ልጅቷ እንቅልፍ ላይ እንዴት ናት? ትገላበጣለች? አንደኛው ክፍል ውስጥ አልጋዎቹ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ነው።

ካፒቴኑ መልሱን ከፋርማሲስቷ አፍ ነጠቁ። የሦስት ዓመት ልጅ፣ አሉ፣ አልጋ ላይ አግድም ነው የሚተኛው። አንሶላውን የሚጥለው ሊነጋ ሲል ነው። የመጀመሪያው ቀን አዲስ ነገር ስለሆነበት ዝም ይላል፤ የሚያለቅሰው በሁለተኛው ነው። ያን ጊዜ መብራት አታብሩበት፣ ድምፃችሁን ብቻ አሰሙት፤ ተመልሶ ይተኛል። እንዲያ ረጋ ብለው ሲናገሩ ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታዳምጥ ጀመር። ፋርማሲስቷም አዳመጠች። ሁሉም ልክ ነው፤ ሚሚ ቁርጥ እንደዚያ ናት። ይህን ሁሉ ከማን ልጅ ተማሩት አለች በልቧ።

"አባባ፣ እኔስ?" አለች። "በሦስት ዓመቴ እንዴት ነበር የምተኛው?"

ካፒቴኑ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ኮታቸውን ነካኩ፣ ፕላኑን አዩ።

"አላውቅም፣ ልጄ።"

ይህን ቃል ከካፒቴኑ አፍ የሰማ ሰው አልነበረም። ጸሐፊዋ ነገሩ ገብቷት ወረቀት ላምጣ ብላ ተነሳች።

ከዚያ ካፒቴኑ ፕላኑን እያዩ፣ እሷን ሳያዩ አወሩ። መርከብ ላይ ልጅ ያለበትን ክፍል ማጽዳት የሚወድ የለም። ምንጣፉ ፍርፋሪ ነው፣ አልጋው ይረጥባል፣ አንሶላ በቀን ሁለቴ ይቀየራል። እሳቸው ግን የሽማግሌዎቹን ንጹሕ ክፍል ለባልደረቦቻቸው እየሰጡ እነዚያን ይወስዱ ነበር። ጓደኞቻቸው ጅል ነው ብለው ሳቁባቸው። የመንገደኞቹን ዝርዝር አይተው እሷ ሦስት ዓመት በሞላት ጊዜ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ያለበትን፣ አራት ስትሞላ አራት የሆነውን ይመርጣሉ።

"ፒጃማቸውን ሳጥፍ በክንዴ እለካዋለሁ" አሉ። "አሁን እዚህ ድረስ ደርሳለች እላለሁ። አንዳንድ ቀን አንኳኩቼ ስገባ ልጁ ገና አልነቃም። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ አየዋለሁ። እና እኔ የማውቀው የሌላ ሰው ልጅ ነው። አንቺን አላውቅሽም።"

ፋርማሲስቷ ፕላኑን ከፊታቸው ወደ ራሷ ሳበችው።

"አንድ ቀን እንኳ ለምን አልነገሩኝም?"

"ስመጣ ከእናትሽ ጀርባ ትደበቂ ነበር። ለፈራችኝ ልጅ ምን ብዬ ልንገራት?"

ይቅር አለቻቸው ብል ውሸት ይሆንብኛል። አባቷ የሰው ፒጃማ ሲለኩ እሷ እናቷ ቤት ተኝታ ነበር፤ የሚለካት አልነበረም። ይህን አሁን ማንም አይመልስላትም፣ እሳቸውም ጭምር።

ጸሐፊዋ ተመልሳ ስንት ሰው ብዬ ልመዝግብ አለቻት። አራት አለች። ካፒቴኑ ደንግጠው ሊቃወሙ ሞከሩ፤ አራተኛው አልጋ ከጣሪያ የሚወርድ ነው፣ መሰላል አለው፣ ለሽማግሌ አይሆንም። ባሌ ይወጣበታል አለችና ፈረመች።

ቤት ሲደርሱ የታች ፎቁ ጎረቤት ሚሚን ከምሳ በኋላ አስተኝተዋት ነበር። ካፒቴኑ እንደ ልማዳቸው መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም።

"ይግቡ" አለቻቸው። "እኔም እንዲህ ነበር የምተኛው፣ እማዬ ትነግረኝ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ አንድ እግሬን ከአንሶላ አውጥቼ።"

ገብተው አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ያቺን ትንሽ እግር አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ልጃቸው ቀስ ብላ ወጣችላቸው።

ባሏ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኩሽና ውስጥ ዓይኗ ቀልቶ አገኛት። የትኛውን ያዝሽ ቢላት፣ አራት አልጋ ያለውን፣ አባባም ይሄዳሉ አለችው። የሒሳብ አስተማሪው ቦርሳውን እንደያዘ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

"ከካፒቴን ጋር? በአንድ ክፍል? ሰባት ቀን ሙሉ?"

"ሰባት ቀን ብቻ" አለች።