ገብስ ማሳ ላይ ስላረፈው ጣሪያ የተካሄደ አስቸኳይ ስብሰባ

የጭላዳ በር ከተማ ሁለገብ የንግድ ማዕከል አስቸኳይ ጥገና ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ በማዕከሉ ሁለተኛ ሱቅ፣ ማለትም ጣሪያው በሄደበት ሱቅ ውስጥ። ስብሰባው በከተማው አስተዳደር አዳራሽ ተጠርቶ የነበረ ቢሆንም አዳራሹ ብርዳም በመሆኑና በሱቁ ውስጥ ብዙ የበግ ፀጉር ባና ተደርድሮ በመገኘቱ ወደዚህ ተዛውሯል።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተጠርቶ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ፀሐይ በጣሪያው ክፍተት ከገባች በኋላ።

የተገኙ፦
1. አቶ መኳንንት፣ የከተማው አስተዳደር ተወካይ፣ ሰብሳቢ
2. ኢንጂነር ታዲዮስ፣ የግንባታ ባለሙያ፣ አባል
3. አቶ ጌጡ፣ ማዕከሉን የሠሩት ተቋራጭ፤ የጉዳቱን መንስኤ እንዲያጣሩ የተመረጡ አባል
4. መሪጌታ ተክለጻድቅ፣ የደብሩ ተወካይ፣ አባል
5. ወ/ሮ ጌታነሽ፣ የሱቁ ተከራይና የባና ሠሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፤ ባለጉዳይ በመሆናቸው ያለ ድምፅ
6. ምንይሉ፣ ጸሐፊ፤ የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ ያለ ፈቃዱ የተመደበ፣ እርሱም ያለ ድምፅ

ድምፅ ካላቸው ሰባት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የቀሩት ሦስቱ ብርዱን በምክንያትነት አቅርበዋል፤ ምክንያታቸውን የተጠራጠረ የለም።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ከመክፈታቸው በፊት ትከሻቸውን ብርድ እንደገባው ገለጹ። ወ/ሮ ጌታነሽ ለሽያጭ ከተደረደረው አንድ ባና አውርደው አለበሷቸው። ሌሎቹ አባላት በአሠራር እኩልነት እንዲኖር ጠየቁ፤ ለሁሉም ተሰጣቸው። ሰብሳቢው ኃላፊነታቸው ድርብ መሆኑን ጠቅሰው ሁለተኛ ወሰዱ። ጸሐፊ እጁ ለጽሕፈት ስለሚፈለግ አልለበሰም።

አጀንዳ 1፦ ጣሪያው መሄዱን ስለማረጋገጥ

ወ/ሮ ጌታነሽ ባለፈው ዓርብ የተነሣው ነፋስ ቆርቆሮውን ከነሞራሌው እንጨት ነቅሎ ከማዕከሉ በታች ባለው የአቶ ኪዳነ ገብስ ማሳ ላይ እንዳሳረፈው አስረዱ። ሱቁ ውስጥ ያለው ባና የማኅበሩ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ፀጉር ሲፈትሉለት የከረሙበት መሆኑን፣ የደብረ ብርሃን ነጋዴ ከገና በፊት መጥቶ እንደሚወስደው፣ አንድ ጊዜ ከራሰ ግን ጠረኑ ስለማይለቅ ነጋዴው በእጁም እንደማይነካው ተናገሩ። አያይዘውም፣ «አራት ጎረምሳ ስጡኝና ቆርቆሮውን እናምጣው። በድንጋይም ቢሆን እንጫነው። ሌላ ምንም አልጠየቅኋችሁም» አሉ።

ኢንጂነር ታዲዮስ አካሄዱ የተዘበራረቀ መሆኑን ጠቁመው፣ ጣሪያን ከመመለስ በፊት መሄዱ በኮሚቴ መረጋገጥ እንዳለበት አብራሩ። አባላቱ ቀና ብለው ተመለከቱ። ሰማይ ታየ። አቶ ጌጡ ሰማይ መታየቱ ብቻውን ጣሪያ አለመኖሩን እንደማያረጋግጥ፣ ሰማይ በመስኮትም እንደሚታይ ተናገሩ። መሪጌታ ተክለጻድቅ፣ «ቁራ ገብቶ በራሳችን ላይ ሲዞር እያያችሁ ሌላ ምን ማስረጃ ነው የምትሹት?» ሲሉ ጠየቁ። ቁራው የኮሚቴው አባል ስላልሆነ ጉዳዩ አልተያዘም።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ «ጣሪያው ተነቅሏል» የሚለው አገላለጽ የማዕከሉን ገጽታ ስለሚያበላሽ ቀርቶ፣ «ጣሪያው ለጊዜው ወደ ገብስ ማሳ ተዛውሯል» እንዲባል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አቶ ኪዳነም ጣሪያው ያለበት ሁኔታ እንዳይቀየር ገብሳቸውን እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ድረስ እንዳያጭዱ ተከለከሉ። አቶ ኪዳነ በር ላይ ቆመው ይህን ሲሰሙ የተናገሩት ለመዝገብ አይመችም።

አጀንዳ 2፦ ጣሪያው የተዛወረበት ምክንያት

ኢንጂነር ታዲዮስ ከግድግዳው አናት ላይ ካለው የአርማታ ቢም አንድ ቁራሽ በጣታቸው ቆርሰው ለሰብሳቢው አስረከቡ። ሰብሳቢው ሲጨብጡት አሸዋ ሆነ። ኢንጂነሩ ጣሪያው የታሰረው በዚህ ቢም ላይ እንደሆነ፣ ውስጡ ያለው ውሃ ሲሚንቶው ሳይጠነክር በውርጭ በረዶ ሆኖ ስለጋገረ ቢሙ ምንም ሊይዝ እንዳልቻለ ገለጹ።

አቶ ጌጡ የመንስኤ አጣሪ በመሆናቸው ተቋራጩን እንዲጠይቁ ተደረገ። አቶ ጌጡ ተቋራጩን ጠየቁ። ተቋራጩም፣ ማለትም አቶ ጌጡ፣ የሚከተለውን መለሱ፦ «ምረቃው ኅዳር 13 ነው ተብሎ ከላይ ተቆረጠ። ኅዳር 12 ደግሞ ሚካኤል ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብንሠራ በዓል መሻር ሆነ። ስለዚህ ቢሙን ሳይነጋ ሞላነው። የበርሜሉ ውሃ ጋግሮ ስለነበር በድጅኖ እየሰበርን ነው ያቦካነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጣሪያውን አሰርን፣ እንግዶቹም መጡ።» አቶ ጌጡ በመልሱ መርካታቸውን ለኮሚቴው አስታወቁ።

መሪጌታ ተክለጻድቅ በዓል የሚገባው በዋዜማው እንጂ በፀሐይ መውጫ እንዳልሆነ፣ ስለዚህ በዓሉም ተሽሮ አርማታውም ተበላሽቶ ሁለቱም እንዳልሆኑ ተናገሩ። «እኛ ማኅሌት ቆመን እናንተ ሲሚንቶ ታቦካላችሁ። የአካፋችሁ ድምፅ ቅኔ ማኅሌት ድረስ ይሰማ ነበር» አሉ። አቶ ጌጡ፣ «ታዲያ የኔታ፣ ያን ጊዜ ወጥተው ቢከለክሉን ምን ነበረበት?» ሲሉ መለሱ። መሪጌታም ለሕንፃው ጽናት እንዲጸልዩ ከአስተዳደሩ ስለተነገራቸው ጸሎቱን ማቋረጥ እንዳልቻሉ አስረዱ።

ኢንጂነር ታዲዮስ ቢሙን በምረቃው ዕለት አይተውት እንደሆነ ተጠየቁ። የሪባን መቁረጫው መቀስ የተቀመጠበትን ትሪ ይዘው ስለነበር ቀና ማለት እንዳልተመቻቸው ገለጹ።

ውሳኔ፦ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የውርጭ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አቶ ጌጡ የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር እጃቸውን ሲያወጡ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ውርጭ ቀርቦ እንዲከላከል ዕድል አልተሰጠውም።

ጸሐፊ በዚህ ቦታ ላይ ሳቀ። ሰብሳቢው ሳቁ በቃለ ጉባኤው እንዲያዝ አዘዙ፤ ተይዟል።

አጀንዳ 3፦ የአስቸኳይ ጥገናው አፈጻጸም

ወ/ሮ ጌታነሽ ከምዕራብ በኩል ደመና እየተነሣ መሆኑን አሳይተው አራቱን ጎረምሶች በድጋሚ ጠየቁ። ሰብሳቢው ደመናው በአጀንዳው እንዳልተካተተ አስገነዘቡ።

መሪጌታ ተክለጻድቅ ቆርቆሮ ብርድ እንጂ ሙቀት እንደማያውቅ፣ የጓሳ ሣር ግን የቀድሞውን ቤተ ክርስቲያን ስንት ዘመን ያለ ነቀፋ እንደከደነ ጠቅሰው ሱቁ በሣር እንዲከደን ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በሰፊው ተደገፈ። የሣሩ ውፍረት፣ የጭነት ፈረስ፣ የከዳኞቹ ጠላም ሳይቀር ተነሣ። ወ/ሮ ጌታነሽ፣ «የኔታ፣ የጓሳው መስክ እኮ ለአጨዳ ዝግ ነው። አገሬው ተስማምቶ እስኪከፍተው ማን ማጭድ ያነሣል?» አሉ። መሪጌታ እውነት መሆኑን አምነው፣ ሐሳባቸው ግን ጥሩ ስለነበር ከመዝገብ እንዳይሰረዝ ጠየቁ።

አቶ ጌጡ ከሁሉ በፊት አዲስ ቢም መሞላት እንዳለበት፣ ለዚህም ሥራ የቦታውን ጠባይ የሚያውቅ ተቋራጭ እንደሚያስፈልግ አሳሰቡ። ኢንጂነር ታዲዮስ በዚህ ተስማምተው፣ በውርጭ ወቅት የተሞላ አርማታ ግን እስኪጠነክር ድረስ በወፍራምና ሙቀት በሚይዝ ነገር መሸፈን እንዳለበት አስገነዘቡ። ከዚያ የሁሉም ዓይን ወደ ባናው መደርደሪያ ሄደ።

ወ/ሮ ጌታነሽ፣ «ምንድን ነው የምታዩት?» ሲሉ ጠየቁ።

ሰብሳቢው ባናው ለልማት የሚውል እንጂ የሚወረስ አለመሆኑን፣ ሲሚንቶው ሲጠነክር ተራግፎ እንደሚመለስላቸው አረጋገጡላቸው። ወ/ሮ ጌታነሽ፣ «ሲሚንቶውን ባናው ካለበሰው፣ ባናውን ማን ያልብሰው?» አሉ። ኢንጂነሩ ጣሪያው እንደሚያለብሰው መለሱ። «ጣሪያው የት አለ?» አሉ። ሰብሳቢው በውሳኔ አንድ የተዛወረበት ቦታ በግልጽ የተመለከተ ስለሆነ ጥያቄው ተደጋጋሚ መሆኑን ገልጸው አለፉት። ጸሐፊ በዚህ ጊዜ እጅግ አዝኗል፤ ነገር ግን ድምፅ የለውም።

ውሳኔ፦ (ሀ) ሱቁ ጓሳ ሲከፈት በሣር እንዲከደን፤ (ለ) ጓሳ እስኪከፈት በቆርቆሮ እንዲከደን፤ (ሐ) ቆርቆሮው እስኪመጣ አዲስ ቢም እንዲሞላ፤ (መ) ቢሙ እስኪጠነክር በሱቁ ባና እንዲሸፈን በሦስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። መሪጌታ ተክለጻድቅ ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት የለበሱት ባና ከሚሸፈንበት ውስጥ ይቆጠር እንደሆነ ስላልተገለጸላቸው ነው። ቢሙ የሚሞላበት ቀን ሲፈለግ፣ ከገና በፊት በበዓልም በስብሰባም ያልተያዘ ቀን አልተገኘም። አቶ ጌጡ ሳይነጋ መሥራት እንደሚቻል አመለከቱ።

አጀንዳ 4፦ ሳይያዝ የመጣ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከክፍተቱ ጠፋች፤ ያለ ወቅቱ በረዶ መውረድ ጀመረ። የመጀመሪያው ጠጠር ያረፈው በሰብሳቢው ማስታወሻ ላይ ነበር።

ወ/ሮ ጌታነሽ ተራ ሳይሰጣቸው ተነሡ። «ጋሼ መኳንንት፣ እርስዎ በሁለት ባና ተጠቅልለው የቀረውን ለሲሚንቶ ፈረዱበት። ይሄ የእኔ አይደለም። ጣታቸው በእንዝርት የተላጠ ሴቶች አምነው ያስቀመጡብኝ ነው። ቆርቆሮ ከማሳ አንሡልኝ ብዬ መጥቼ አንድ ጠዋት ሙሉ አስቀመጣችሁኝ። አፈርኩባችሁ» አሉ። ድምፃቸውን አላነሡም።

ከዚያም ከሰብሳቢው ጀምረው ባናዎቹን ከየትከሻው ላይ ሰበሰቡ። ሰብሳቢው ሁለቱንም ተገፈፉ። አቶ ጌጡ ጫፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ፤ ወ/ሮ ጌታነሽ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ፤ ለቀቁ። ውጭ የቆሙት የማኅበሩ ሴቶች ገብተው መደርደሪያውን እየተቀባበሉ አራገፉ። ወ/ሮ ጌታነሽ የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ባናው ከደብሩ አጥር ሥር ወዳለው የማኅበሩ አሮጌ ቤት እንደሚሄድ፣ ያም ቤት ግማሽ ጎኑ ክፍት እንደሆነ፣ ለእርሱ ግን ኮሚቴ እንደማይጠሩ ተናግረው ወጡ።

አባላቱ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሰብሳቢው በቀረው ሙቀት የሚከተለውን ሐሳብ አቀረቡ። ተከራይ በሌለበት ሕንፃ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሚጎዳ ሰው ከሌለ አስቸኳይ ነገር የለም፤ አስቸኳይ ነገር ከሌለ የአስቸኳይ ጥገና ኮሚቴ የወሰነው ሁሉ መነሻ የለውም። ኢንጂነር ታዲዮስ አመክንዮውን አደነቁ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባ ከውሳኔ አንድ እስከ ሦስት የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ጣሪያው አልተዛወረም፤ ውርጭም ጥፋተኛ አይደለም። ማዕከሉ በምረቃው ዕለት በነበረበት ሁኔታ፣ ጣሪያውም በቦታው እንደሚገኝ ለበላይ አካል ሪፖርት እንዲደረግ በአራት ድምፅ ጸደቀ። መሪጌታ ተክለጻድቅ እጃቸውን ካወጡ በኋላ፣ «ኦ አምላክ፣ ይህንም አየሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። በዚህም ምልዓተ ጉባኤው ፈረሰ።

አባላቱ ለመውጣት በር ላይ እንደደረሱ የማኅበሩ ሴቶች፣ ባሎቻቸውና አቶ ኪዳነ ቆርቆሮውን ከገብሱ ማሳ ላይ አንሥተው ወደ አሮጌው ቤት ሲጓዙ ታዩ። ፊት ፊት መንገድ የሚያሳዩት መሪጌታ ነበሩ። ሰብሳቢው፣ «የመንግሥት ንብረት ነው፣ አስቁሟቸው» አሉ። ጸሐፊ አሁን በጸደቀው ውሳኔ መሠረት የማዕከሉ ጣሪያ በቦታው ስለሚገኝ፣ እነዚያ ሰዎች የተሸከሙት ቆርቆሮ የማዕከሉ ሊሆን እንደማይችል አነበበላቸው። ሰብሳቢው ውሳኔው ባስቸኳይ እንዲሻር አዘዙ። ጸሐፊም ለመሻር አራት ድምፅ እንደሚያስፈልግ፣ አራተኛው ድምፅ ቆርቆሮ እየመራ መሆኑን በትሕትና አስታወሰ።

ስብሰባው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጣሪያው በቦታው እንዳለ፣ በረዶ በላያችን እየወረደ ተበተነ።

ምንይሉ (ጸሐፊ)