የእሪ በከንቱው አዳኝ ውሻ

ለሌለ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር ግድግዳ እጋራለሁ።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በስልካቸው የፈረንጅ አዳኝ ውሾች ሲፈተኑ እያዩ ይውላሉ። ተመትቶ የወደቀውን ቆቅ ውሻው ጥርስ ሳያሳርፍበት አንስቶ ለጌታው ማስረከብ አለበት። እሳቸውም አንድ ቡችላ አሳድገው እዚሁ እሪ በከንቱ ማሠልጠን ጀመሩ። ሰፈራችን ውስጥ ቆቅ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ላባ የሰኩበትን ካልሲ በጎረቤት አጥር አሻግረው ይወረውራሉ።

«ፈተናው የት ነው የሚሰጠው፣ ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እሱ በኋላ ይታሰብበታል። መጀመሪያ ውሻው ይዘጋጅ።»

ይኸው አራት ዓመቱ።

በፋሲካ ዋዜማ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ካልሲውን ወርውረው አፏጩ። ውሻው ካልሲውን ንቆ ግቢ ለግቢ ዞረና በየደጁ የታሰሩትን የበዓል ዶሮዎች፣ ከነገመዳቸው፣ አንድ በአንድ እያመጣ በጌታው እግር ሥር ደረደረ። ጋሽ ታደሰ እያንዳንዱን አገላብጠው አዩና እንባቸው መጣ።

«ጥርስ አላሳረፈም» አሉ። «አንድም ላባ አልጎደለም።»

ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እትዬ አስካለ «ትልቁ ቀዩ የኔ ነው» አሉ። ባለሱቁም ቀዩን ነው የገዛው። ሁሉም ቀዩን ነው የገዛው። ያንን ከሲታ ነጭ ዶሮ ገዝቻለሁ የሚል ጠፋ።

ዶሮዎቹ ሰባት ነበሩ፤ ባለቤት ነኝ ያለው ግን ስምንት ሰው ነው። ስምንተኛው ማን እንደነበር እኔን አትጠይቁኝ። ቀዩን ይዤ ቶሎ ስለገባሁ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ አላየሁም።