በላቱ የተመረጠው ሊቀመንበር

ተረት ልንገራችሁ፤ የበግ ወሬ ነው ብላችሁ አትናቁብኝ። ድሮ፣ ከጥጥ እርሻ አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ፣ በጎች የራሳቸውን መንግሥት አቁመው ይኖሩ ነበር። መሪያቸውን የሚመርጡት ላት አይተው ነው። ላቱ የከበደ ሁሉ ሐሳቡም የሚከብድ ይመስላቸው ነበር። በዚህ ሕግ ሞገሱ የሚባል ሙክት ሊቀመንበር ሆነ።

አንድ በጋ ሣሩ አለቀ። ጎረቤታቸው በሬው ቦራ ግን፣ የጥጥ ፍሬ ተጨምቆ የሚተርፈውን ፋጉሎ እየበላ ቆዳው ያብረቀርቅ ነበር። ሞገሱ ይህን አየና ጉባኤ ጠራ።

«ያን የሚያህል በሬ ያወፈረ ምግብ እኛን ማወፈር ያቅተዋል?» አለ።

አንዱ «ባዕ» ሲል ሁሉም «ባዕ» አሉ። በበጎች ዘንድ ድምፅ የሚሰጠው እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲያ ሣር ፍለጋ መውጣት እንደ ኋላቀርነት ተቆጠረ።

ዳልቻ የምትባል በግ አንድ ግልገል ነበራት። ፋጉሎውን ከለመደ ወዲህ ትንፋሽ እያጠረው፣ እግሩ እየከዳው መጣ። ቢጨንቃት ቦራ ዘንድ ሄደች።

«እኔ በልክ፣ ከጭድ ጋር ነው የምበላው» አላት ቦራ። «ሆዴም ይችለዋል። የጥጥ ፍሬ መርዝ አለው እኮ፤ የግልገል ልብ አይችለውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሞገሱ የመጣው ቆዳዬን ለማየት ነው።»

ዳልቻ እየሮጠች ሞገሱ ፊት ቀረበች። «ጋሼ፣ እባክዎ ለግልገሎቹ ይቅርባቸው። ልጄ መተንፈስ አቃተው።»

«ጠግቦ ነው» አለ ሞገሱ እያመነዠከ። «የጠገበ ያለከልካል።»

«አውራ በጎቹም እኮ ፋጉሎውን ከበሉ ወዲህ ማስወለድ አቅቷቸዋል።»

ሞገሱ ከተኮላሸ ቆይቷልና ይህ አላስጨነቀውም። «እሱ የግል ጉዳይ ነው» አለና ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ፋጉሎውን ቀመሰና ጣፋጭ ነው ሲል ሪፖርት አቀረበ። ሪፖርቱ ሲነበብ የዳልቻ ልጅ ሞተ።

ለቅሶ ተቀመጡ። ጎረቤቶቹ ለእዝን ፋጉሎ ይዘው መጡ፤ የቀሩትም ግልገሎች ከበው ይበሉ ጀመር። ሞገሱ ተነሥቶ፣ «የሌላው ልጅ በረሃብ ሲሞት፣ የእኛ ጠግቦ መሞቱ ያጽናናናል» አለ።

«ባዕ» አሉ ለቀስተኞቹ።

ዳልቻ ፋጉሎውን በእግሯ ደፋችው። ቀና ብላም ሞገሱን አየችው።

«እርስዎ ምን ያድርጉ ጋሼ» አለች፤ «ስንመርጥዎ እኛ ያየነው ከኋላ ነው።»