ገብስማው አውራ ዶሮና የእማማ ዘይነባ እንቁላል

ወገን፣ ሰፈር ልቀይር ነው! አስኮም ይሁን ከአስኮ ማዶ፣ ማንም የማያውቀኝ ቦታ የሚከራይ ቤት ያያችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

ምክንያቱ? ዶሮ!

አትሳቁ። እኔ ራሴ ገና አልሳቅኩም።

ቀይዋን ዶሮዬን ታስታውሷታላችሁ አይደል? ያቺ የፈረንጅ ዝርያዋ፣ እንቁላል መጣል የማይታክታት፣ ፎቶዋ ከኔ ፎቶ በላይ ላይክ የሰበሰበው? አዎ፣ እሷ።

አምና "ከሷ የራሴን ዘር አወጣለሁ" ብዬ ተነሳሁ። እናት አለች። የቀረው አባት ነው።

አባት እንዴት መረጥኩ መሰላችሁ? ልክ ለዓመት በዓል እንደሚመረጠው! ገበያ ወረድኩ፣ ደረቱን ዳበስኩ፣ በእጄ ከፍ አድርጌ መዘንኩት። ገብስማ ላባ፣ ወፍራም ጭን፣ ሲጮህ ሰፈር የሚያስነሳ!

ለወጥ ቢሆን አንደኛ ነበር። እኔ ግን የፈለግኩት ለእንቁላል ነው።

ቆይ ግን፣ አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥል፣ በምን ልመርጠው ኖሯል?

ጫጩቶቹ አድገው ቄብ ሲሆኑ ለጎረቤታችን ለእማማ ዘይነባ ሰጠኋቸው። እማማ አመሻሽ ላይ 18 ማዞሪያ ቁጭ ብለው የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ ይሸጣሉ። ኑሯቸው እሱ ነው፣ ሌላ የላቸውም።

"እነዚያን አሮጊት ዶሮዎችዎን ይሽጧቸው! የነዚህ እናት እንዴት እንደምትጥል አይተዋል፣ ልጆቿም እንደሷ ናቸው። በኔ ይሁንብዎት!" አልኳቸው።

በኔ ይሁንብዎት! ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አምነውኝ አሮጊቶቹን ሸጧቸው።

ዛሬ ጠዋት ለዶሮ ክትባት የምትሰጥ ባለሙያ ግቢያችን መጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮውን ታቅፎ ተሰብስቧል። እማማ ዘይነባም አንዷን ቄብ በዘንቢል ይዘው ከች አሉ።

"ልጄ፣ እነዚህ የሰጠሽኝ ጥቂት ይጥሉና ታቅፈው ቁጭ ነው። ላነሳቸው ስል እጄን ይነቁሩኛል። አሁንስ እንቁላል ከሱቅ እየገዛሁ ነው የምቀቅለው፣ ምን ይተርፈኛል?" አሉኝ።

እኔስ? ይቅርታ ያልኩ መሰላችሁ? የት አባቴ!

ሰው ሁሉ ፊት "እማማ፣ መኖ ሰስተውባቸው እንዳይሆን" አልኳቸው።

ሰስተው! ከራሳቸው አፍ ቀንሰው ለዶሮ የሚሰጡትን ሴትዮ! በቃ እኔ እንዲህ ነኝ፣ ስጨነቅ ሰው ላይ ነው የማላክከው።

ባለሙያዋ ቄቧን አገላብጣ አየቻትና "ምግብ አልጎደለባትም፣ እንዲያውም ተመችቷታል" አለች። ከዚያ ወደኔ ዞራ "አባታቸው ማነው?" አትለኝም!

ሽማግሌ የተላከብን ነው የመሰለኝ። በኩራት ገብስማውን አሳየኋት።

"ያምራል። እናቱና እህቶቹስ ጥሩ ይጥሉ ነበር?"

እኔ ምን አውቄ! ገበያ ላይ የአውራ ዶሮ እናት ማን ይጠይቃል?

"አውራው ራሱ ባይጥልም ከእናቱ የያዘውን ለሴት ልጆቹ ያወርሳል። ታቅፎ መቀመጡም በዘር ነው የሚመጣው። ቀይዋ ደግሞ ራሷ የተዳቀለች ናት፣ ልጆቿ ሁሉ እንደሷ አይወጡም" አለች። ቀጥላ ገብስማውን አየት አድርጋ "ለወጥ ግን አሪፍ ነበር" ብላ ጨመረች።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እማማ ዘይነባ ብቻ አልሳቁም።

ዘንቢላቸውን አነሱ። "አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዴ ከተናገረ ቃሉን አያጥፍም ነበር። የሱ ልጅ ናት ብዬ እኮ ነው ያመንኩሽ" ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ከሰዓት ቀይዋን ታቅፌ በራቸው ሄድኩ፣ ልሰጣቸው። ዶሮዋን አዩ፣ እኔን አዩ። "የሷንስ አባት ጠይቀሻል?" ብለው በሩን ዘጉት።

ይኸው ተመልሼ ቤቴ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ቀይዋ እቅፌ ውስጥ ናት፣ ገብስማው ፊቴ ይንጎራደዳል። የአባቴን አፍንጫ ወርሻለሁ፣ ግንባሩን ወርሻለሁ። ቃሉ የት ቀረ?

ገብስማውን ለበዓል አርደዋለሁ። እሱ ቢያንስ ለወጥ ይሆናል።

እኔስ ለምን እሆናለሁ?