ከኒሙ ጥላ የተባረርኩ ዕለት

ሸዋ ሮቢት ላይ ጥላ ማለት ሥልጣን ነው። ፀሐያችንን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ አንዲት ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል ስትጥል በዓይኔ አይቻለሁ። ካላመናችሁኝ ዶሮዋን ጠይቁ።

እኛ ሽማግሌዎች ዳማ የምንጫወተው ከኒሙ ዛፍ ሥር ነው። ያሸነፈ ጥላው ውስጥ ይቀመጣል፤ የተሸነፈ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ታዲያ የኛ ዳማ በቆርኪ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ በምላስ ነው። ተጋጣሚህን ካልተረብክ ምኑን ተጫወትከው?

ጣጣው የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። ጭማቂ ቤት ቁጭ ብለን ቴኒስ ስናይ፣ አንዱ ተጫዋች ተናዶ መምቻውን ፈጠፈጠ፤ ዳኛውንም ተሳደበ። አባረሩት። ልብሳችንን የሚሰፉልን፣ ዳማውንም የሚዳኙልን ሐጂ ሰይድ ከወንበራቸው ተነሱ።

"ወላሂ፣ ሕግ ማለት ይሄ ነው! ከነገ ጀምሮ የሚሳደብ፣ የሚቆጣ ተጫዋች ከጥላው ይባረራል!"

ማን ቀድሞ ያጨበጨበ ይመስላችኋል? እኔ! ባላጋራዬ እንድሪስ ከስድብ ሌላ ቋንቋ የለውም፤ ገና ሳይቀመጥ ይባረርልኛል ብዬ።

በማግስቱ እንድሪስ አፉን ዘጋ። ዝም ሲል ጊዜ ማሰብ ጀመረ። ለካ ሰውዬው ጭንቅላት ነበረው! ቆርኪዎቼን እንደ ቆሎ ለቀማቸው። እኔ ደግሞ ስድቡ ታፍኖብኝ እንደ ባጃጅ ጎማ ተነፋሁ። የመጨረሻዋን ሊበላ እጁን ሲዘረጋ ጉልበቴን ቁርጥማት ያዘኝ። ቁርጥማቱ ሰሌዳውን አንስቶ በሐጂ ሻይ ላይ ደፋው።

"ይማም፣ ውጣ!" አሉኝ።

"ኧረ ቁርጥማት ነው፣ ሐጂ!"

"ቁርጥማትህን ይዘህ ውጣ!"

ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ራሰ በራዬ ሲጠበስ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ሕጉ የከለከለው ተጫዋችን ነው። እኔ አሁን ተጫዋች ነኝ እንዴ? እንድሪስ ከሌላ ሽማግሌ ጋር ሊጫወት ሲቀመጥ ጀመርኩ።

"እንድሪስ፣ ያቺን ቆርኪ እንዲህ የምታሻሻት ልታገባት ነው? ሐጂ፣ የሰፉልኝ ሱሪ አንድ እግሩ አጥሯል፤ ቁራጩን ለማን ዳሩት?"

መንገደኛው ቆመ። ባጃጆች ቆሙ። እንድሪስ ግራ ተጋብቶ የገዛ ቆርኪውን በላ። መልስ እንዳይሰጠኝ ሕግ አለ፤ እንዳያባርሩኝ ተባርሬያለሁ።

በመጨረሻ ሐጂ እጃቸውን አነሱ። "ይማም፣ በአላህ! ምሬሃለሁ፤ ጥላው ውስጥ ግባና ዝም በል።"

"አስተግፊሩላህ! ሕግ ይከበር እንጂ፣ ሐጂ!" አልኩና እዚያው ፀሐይ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ይኸው እስከ ዛሬ ለሕግ ስል እየተጠበስኩ ነው።