ጠያቂ ያለው?

ጡረታ የወጣ አስተማሪ ትልቁ ችግሩ ቀይ እስክሪብቶውን የት እንደሚያስቀምጠው ማጣቱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ ያስተማረ ሰው በሰኔ አንድ ቀን ጋቢ ተሸልሞ ወደ ቤቱ ሲገባ ደመወዙ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ማረሙ አይቀንስም። እኔ ለምሳሌ ሥጋ ቤት በር ላይ «ጥሬ ስጋ» የሚል በእሳቱ ሰ ተጽፎ ካየሁ አልገዛም። ሥጋ በንጉሡ ሠ ነው። ለጥብሱ እንኳ እሺ እንበል፣ ጥሬውን በእሳት የሚጽፍ ሰው ምን አስቦ ነው? ቱሉ ዲምቱ ያሉት የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁ የብሎካችንን ማስታወቂያ ለእኔ ሳያሳዩ አይለጥፉም። ውሃ የሚመጣበትን ቀን የሚነግረው ማስታወቂያ አንድ የፊደል ስሕተት የለበትም፤ ውሃው ብቻ ነው በፈለገው ቀን የሚመጣው።

የምኖርበት ክፍለ ከተማም ለቃል የሚመች አይደለም። መርካቶ ያለው የእህቴ ልጅ ደውሎ የት እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ «ቃሊቲ ነኝ» ካልኩት፣ አጠገቡ ያለው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በምን ገቡ?» ይለዋል። የከተማው ሰው ቃሊቲን የሚያውቃት በማረሚያ ቤቷ ነው። እኔ አልቀየምም። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት በማረም ነው፤ ልዩነቱ የእኔዎቹ ደወል ሲደወል ወደየቤታቸው መሄዳቸው ነው።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ታደሰና በሩ ላይ «የማኅበረሰብ ስቱዲዮ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ልብ በሉ፣ ኮንዶሚኒየም ባለበት አገር «ስቱዲዮ» የሚል ቃል እንደዋዛ አይሰቀልም። በመክፈቻው ቀን ሃያ የሚሆን ሰው በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ገሚሱ የቁጠባ ደብተሩን ይዞ፣ ስቱዲዮው ስንት ካሬ እንደሆነና ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ይጠይቃል። ሁለት ልጃገረዶች ጉርድ ፎቶ ሊነሡ ፀጉራቸውን ተሠርተው መጥተዋል። ሥዕል፣ ሸክላና ኪሮሽ በእጅ እየተሠራ የሚለመድበት ቦታ ነው ሲባሉ ሰልፉ ተበተነ። አንድ አባት ብቻ ለማንኛውም ብለው ስማቸውን አስመዘገቡ። እስካሁን ዕጣው መቼ ነው እያሉ ብቅ ይላሉ።

እኔ ኪሮሽ ገባሁ። ሥዕል አልችልም፣ ለሸክላው ደግሞ ወገቤ አልፈቀደም። ኪሮሽ በእኛ ጊዜ የቤት ክብር ነበር፤ ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ዳንቴል ይለብስ ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥን ቀጥኖ ዳንቴሉ የሚያርፍበት ጠፋ እንጂ ሙያውስ አለ።

አስተማሪያችን ወንድ ነው። ደረጄ ይባላል፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ጆንያ እንደ ትራስ የሚያነሣ በሚመስል እጁ ክሩን ሲይዝ ክሩ የሚሰማው እስኪመስል በቀስታ ነው። ወንድ ልጅ ኪሮሽ የት ተማረ? ይህ የዘጠኝ ሴቶች ጥያቄ ነበር። የስቱዲዮው ኮሚቴ አባል ወይዘሮ ትርሲት ከሰባት እህቶች ጋር ያደገ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው አለች። ክር የምታቀርብልን የስልጤዋ ባለሱቅ ዘይነባ ደግሞ «ክሩን ቆጥሮ ነው ከእኔ የሚወስደው፣ አንድ ልቃቂት ተሳስቶብኝ አያውቅም፤ ከየትም ይማር» ብላ ነገሩን ዘጋችው። እሱን የጠየቀው ግን የለም።

እኔ አስተማሪ ነኝና የአስተማሪ ዓይን አለኝ ብዬ አምን ነበር። ለምሳሌ የሚሠራበት ኪሮሽ የሱቅ አይደለም፤ ከጥርስ ብሩሽ እጀታ የተቀረጸ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው። ብረት ለምን እንደማይዝ ስጠይቀው «ይሄን ለምጄ ነው» አለኝ። ትምህርት ሲያልቅ ሰባቱን መቀስ ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። ግድግዳው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ባነር ነበር፤ እሱ መደርደሪያውን አምጥቶ የመጨረሻዋ ቃል ላይ አስደገፈው። ከዚያ ወዲህ ባነራችን «ድር ቢያብር አንበሳ» ይላል። ሰው ሁሉ አንብቦ ይቆማል፣ ቀጥሎ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አይቼ ምን ገባኝ? ምንም። እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነገር ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ማንኛውም አስተማሪ «ጥያቄ ያለው?» ይላል። ደረጄ ግን ቀና ብሎ በሩን እያየ «ጠያቂ ያለው?» ይላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ምላስ አዳልጦት ነው አልኩ። በሁለተኛው ተቁነጠነጥኩ። በሦስተኛው አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ሰሌዳው ላይ «ጥያቄ ያለው?» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። «እሺ ቲቸር» አለኝ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ተማሪ ሲታረም ያፍራል፤ እኔ ይህን ለምጄዋለሁ፣ እንዲያውም ትምህርቱ እንደገባው ምልክት ነው ብዬ ነው የምወስደው።

በአራተኛው ቅዳሜ ጋሽ በላቸው መጡ። ጋሽ በላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የማረሚያ ቤት ጥበቃ ሠርተው በጡረታ የወጡ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን፣ በመጠኑም ምላሳቸውን ይዞባቸው ሐኪም ጣቶችዎን ያሠሯቸው ስላላቸው፣ ልጃቸው ደግፋ አምጥታ ከእኛ ከሴቶቹ መካከል አስቀመጠቻቸው። ገና በሩ ላይ ሲታዩ ደረጄ ብድግ አለ። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልቃቂቱ ከጭኑ ወድቆ እስከ ግድግዳው ተንከባለለ፤ አላነሣውም። ጋሽ በላቸው ለረዥም ጊዜ አዩትና በግራ እጃቸው ተቀመጥ የሚል ምልክት ሰጡት። እኔ ወደ ትርሲት ዘንበል ብዬ «አስተዳደግ ማለት ይህ ነው» አልኳት።

ትምህርቱ አለቀ። መቀሶቹ ተቆጠሩ። ደረጄም ሰሌዳውን እያየ፣ በእኔው እጅ የተጻፈውን እያየ፣ «ጠያቂ ያለው?» አለ።

ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም በሚሰማበት ድምፅ «ልጄ፣ ጠያቂ የሚባለው የታመመን ወይም የታሰረን ሰው ሊያይ የሚሄድ ነው። እዚህ የታመመም የታሰረም የለም» አልኩ። ጋሽ በላቸው አንገታቸውን ደፉ። ደረጄ መቀሶቹን እንደገና መቁጠር ጀመረ። የትርሲት ዓይን ከመቀሱ ወደ ጥርስ ብሩሹ፣ ከጥርስ ብሩሹ ወደ ባነሩ ሲሄድ አየሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የደረጄን ያወጣው የእኔ ሰዋስው ነው።

እስከ ሰኞ ወሬው ሁሉንም ብሎክ አዳርሶ ነበር። ትርሲት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጇ ከእኛ ጋር ኪሮሽ ትማራለች፣ እናት ናት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች። ለቅዳሜ ስብሰባ ተጠራ። ሰውየው የታሰረ መሆን አለመሆኑ ይጣራል፣ ታስሮ ከነበረ ይሰናበታል፣ ምስክሩም ዕድሜ ልካቸውን እዚያ በር ላይ የቆሙት ጋሽ በላቸው ናቸው ተባለ።

ረቡዕ ዕለት ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። ብቻውን ክር ያጠነጥን ነበር። ወንበር ጠርጎ አቀረበልኝና ሳልጠይቀው ነገረኝ። በሃያ ሦስት ዓመቱ መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው በጠርሙስ መትቶ ሰውየው አንድ ዓይኑን አጥቷል። ስድስት ዓመት ተፈርዶበት ስድስቱንም ጨርሷል። «ቂሊንጦ ሦስት ፋብሪካ ሞከርኩ፤ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ሲሉኝ ተመለስኩ። እጄን ብቻ አይተው የቀጠሩኝ እዚህ ነው። ቅዳሜ ካስወጡኝ ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም» አለኝ። ከዚያ ክሩን እያጠነጠነ «ቃሉን እያወቅኩት ነው የምሳሳተው ቲቸር። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ስሰማው ስለኖርኩ ምላሴ ላይ ቀረ» አለ። አፈርኩ። የምላስ ስሕተትና የኑሮ ጠባሳ አንድ ዓይነት ቀይ መስመር እንደማይሰመርባቸው በዚህ ዕድሜዬ መማሬ አሳፈረኝ።

ቅዳሜ ወንበር ጠፍቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ለሥዕል ትምህርት እንዲህ ያለ ሕዝብ መጥቶ አያውቅም። ደረጄ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጓል። ጋሽ በላቸው በደነዘዘው እጃቸው ኪሮሻቸውን እየታገሉ ነው። ትርሲት ተነሥታ በአክብሮት «ጋሽ በላቸው፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» አለቻቸው።

«አውቀዋለሁ» አሉ። ምላሳቸው ስለሚከብዳቸው ቃል በቃል ነው የሚወጣው። «ያንን አረንጓዴ ፕላስቲክ አያችሁት? ሁለት ጊዜ ነጥቄዋለሁ። ይሄ ሦስተኛው ነው።»

እኔ በልቤ አለቀ አልኩ።

«በር ላይ ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ» አሉ ጋሽ በላቸው። «ጠያቂ ያለው፣ እገሌ፣ እገሌ፣ እያልኩ። እሱ በየሳምንቱ ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ከፊት ይቆማል። ስድስት ዓመት። አንድም ቀን ስሙን አልጠራሁትም።» ክሩ ተጠላለፈባቸው፤ ተዉት። «ወይዘሮ ትርሲት፣ እኔ ቆጥሬ አስገብቼዋለሁ፣ ቆጥሬ አስወጥቼዋለሁ። ዳኛው የሰጠው ስድስት ዓመት አልቋል። የእርስዎ ስንት ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በአጀንዳ አልተያዘም ነበር። ትርሲት ቁጭ አለች፣ መልሳ ተነሣች፣ ዙሪያዋን አየች። ቁጥር የሚናገርላት አጣች። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መቀሱስ?» አለች። «መቀሱን እኔ እቆጥራለሁ» አሉ ጋሽ በላቸው። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ «መቀሱን ጋሽ በላቸው እንዲቆጥሩ ተወስኗል» ብዬ ጻፍኩና አስፈረምኩ። ሌላ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብ ካለ እጁን እንዲያወጣ ተጠየቀ፤ ማንም አላወጣም። ደረጄ በሴቶች ጫማ መካከል የተንከባለለ ልቃቂት ለማንሣት ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ዓይኑን አላየሁትም፤ አለማየቴን መርጬ ነው። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትንም ራሴ ደመሰስኩት።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ በላቸው በየቅዳሜው መቀስ ይቆጥሩ ነበር። በግራ እጃቸው ነበርና አንዳንዴ ስድስት፣ አንዳንዴ ስምንት ይሆንባቸዋል፤ ደረጄ ሳያርማቸው ይመዘግባል። እኔም ዝም እላለሁ። ዝምታ ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናንተ አታውቁም።

በሐምሌ ግን ጋሽ በላቸውን ሁለተኛው ስትሮክ ጣላቸው። የቅዳሜ ትምህርት ተዘግቶ ዘጠኛችንም ከደረጄ ጋር በአንድ ሚኒባስ ሆስፒታል ሄድን። ትርሲት አጥሚት በፔርሙስ ይዛለች። ሌሊቱን እንደሠራችው ነግራናለች፤ ሁለት ጊዜ። በር ላይ ግን ጥበቃው አላስገባም አለን። ለአንድ በሽተኛ ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ አንደኛዋ ልጃቸው ውስጥ ናት፣ ስለዚህ የሚገባው አንድ ሰው ነው። ሁላችንም ወደ ትርሲት አየን፤ አጥሚቱ በእጇ ነበርና እሷም ነጠላዋን አስተካከለች።

ጥበቃው ከውስጥ ወረቀት ይዞ ተመለሰና ድምፁን ከፍ አድርጎ «የአቶ በላቸው ጠያቂ!» ብሎ ጠራ።

ደረጄ በሩ አጠገብ ከተቀመጠበት አግዳሚ ብድግ አለ። አስቦበት አይመስለኝም፤ እግሩ ነው የተነሣው። ከዚያ የቆመበትን አስተውሎ ደነገጠና እጆቹን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ትርሲት አየችው። ጠጋ ብላ እጆቹን ወደ ፊት አመጣችና ፔርሙሱን አስያዘችው። «ሳይቀዘቅዝ» አለችው።

«አንተ ነህ?» አለ ጥበቃው። «የማን ጠያቂ ነህ?»

«የጋሽ በላቸው ጠያቂ ነኝ» አለ ደረጄ።

ለረዥም ዘመን የሰው ዓረፍተ ነገር ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በልማዴ ይህንንም ከባለቤቱ እስከ ማሰሪያ አንቀጹ አዳመጥኩት። የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም።