የእናቴ ቤት ለአገር መሪ

ሹመት የሚያሳብደው የተሾመውን ነው ያለው ማነው? የሚያብደውስ ያልተሾመው ነው! ካላመናችሁ እኔን እዩኝ።

የአገር መሪ ከሥራ አረፍ የሚልበት የገጠር ቤት በእኛ በዋግ ሊመረጥ ነው የሚል ወሬ ሰቆጣን ሞላት። ቤት የሚያዩ ሰዎች መጡ ሲባል፣ ሳይጠሩኝ አቤት፣ ሳይልኩኝ ወዴት ብዬ ሮጥኩ።

"ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ተራራ ፊት ለፊት፣ ነፋሻ የድንጋይ ቤት አለኝ!" አልኳቸው።

"አለኝ" ስል... ቤቱ የእናቴ ነው። ከወሰዱባት ሌላ መግቢያ የላትም። እኔ ግን በሐሳቤ ከመሪው ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጬ አገር እየመከርኩ ነበር! ለእናቴ "እንግዳ ይመጣል" ብቻ ብዬ አለፍኩት።

እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት ሽቶ ይዤ ደረስኩ። መሪ የሚያርፍበት ቤት ፍየል ፍየል ሊሸት ነው እንዴ? መደቡን ረጨሁ፣ በሩን ረጨሁ፣ በተረፈው እኔው ታጠብኩበት። እናቴ ስትቆጣ አማርኛውን ትታ በኽምጣና ነው የምትወርድብኝ። ያን ዕለት ግን በለስላሳ አማርኛ፣ "አንገትህ ላይ ጨምርበት እንጂ፣ የኔ ጌታ" አለችኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ!

እስቲ ፍረዱኝ፤ ማር አገር ተወልጄ፣ ግድግዳው ውስጥ ቀፎ ባለበት ቤት አድጌ፣ ንብ ሽቶ እንደማትወድ እረሳለሁ? ረሳሁ!

የእንግዶቹ ኃላፊ ከመኪና እንደወረደ፣ "አካባቢው ጸጥታ አለው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ምን ጥያቄ አለው! ኮሽ የሚል ነገር የለም..." ብዬ ሳልጨርስ ንቡ ከግድግዳው ግልብጥ ብሎ ወጣ! ኃላፊው አንድ ጫማውን ጥሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እኔም ልከተል ስል በሩን ድርግም አደረገብኝ።

"ክፈቱልኝ እንጂ፣ በፈጠራችሁ!"

"የሚሸተው አንተ ነህ! ወዲያ ሂድ!" አለኝ በመስኮቱ። አቧራቸውን አስነስተው ሄዱ፤ እኔና ንቡ ቀረን።

እናቴ በጭስ አባረረችልኝና ውስጥ አስገብታ የንቡን መንደፊያ ከፊቴ ትነቅል ጀመር። አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ!

"እማ፣ ሽቶ እንደሚያስቆጣው እያወቅሽ ምነው ሳትነግሪኝ?"

እጇን ሳታቆም፣ "አንተስ ቤቴን ለመንግሥት ልትሰጥ ስትነሳ መች ነገርከኝ?" አለችኝ።

ለካ ገበያ ላይ ሰምታዋለች! እኔም ያበጠ ከንፈሬን እያሳየሁ፣ "እማ፣ እዚህም አንድ ቀርቷል" አልኳት።